ከሁሉ የሚያስፈራው መጽሐፍ

ጥቂት ወዳጆች ተሰብስበው ስለ መጻሕፍት ሲጫወቱ፥ «ካነበብከው ሁሉ እጅግ ያስፈራህ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንዱ ብራም ስቶከር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ያሳተመውን፥ ከመቃብር እየተነሣ የሰው ደም የሚመጥጠውን የድራኩላን ታሪክ ይጠቅሳል። ሁለተኛው ሜሪ ሼሊ በ1818 ያወጣችውን የፍራንከንስታይንን ታሪክ ያነሣል። ሦስተኛው ወደ አገራችን ይመለስና፥ የገለጠውን ሰው ያሳብዳል እየተባለ ስለሚፈራው ስለ ዐውደ ነገሥት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል።

እኔ ግን ይህ ፍርሃት ሁሉ ቦታውን የሳተ ነው እላለሁ። የድራኩላን ታሪክ ያነበበ ሰው መብራቱን ሳያጠፋ ያድር ይሆናል እንጂ ጎረቤቱን አይገድልም፤ ሲነጋም ፍርሃቱ ከሌሊቱ ጋር ያልፋል። በእውነት የሚያስፈራው መጽሐፍ አንባቢውን የማያስፈራው፥ ይልቁንም ክፉ ለመሥራት ልቡን የሚያደፋፍረው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ሄንሪክ ክራመር የተባለ የዶሚኒካን መነኵሴ በ1486 በጀርመን አገር ያሳተመው «የጠንቋዮች መዶሻ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ክራመር በ1485 በኢንስብሩክ ከተማ ሴቶችን በጥንቆላ ከሶ ነበር፤ ነገር ግን የአገረ ስብከቱ ጳጳስ ሥራውን ስላልወደዱት ሴቶቹ ተፈቱ፥ እርሱም ከዚያ እንዲሄድ ተነገረው። በችሎት የተረታው ሰው በመጽሐፍ ሊረታ ተነሣ። በመጽሐፉም ጠንቋይ የለም የሚለውን ሰው ከመናፍቅ ቈጠረው። ተከሳሺቱ በምርመራ ጊዜ ካላለቀሰች ጠንቋይ ለመሆንዋ ምልክት ነው አለ፤ ያለቀሰች ብትመስልም ጉንጭዋን በምራቅ አርሳ እንዳይሆን ዳኛው ይጠንቀቅ አለ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ወጥመድ የምታመልጠው የትኛዋ ሴት ናት?

ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ በአውሮፓ በጥንቆላ ተከሰው የተገደሉትን ሰዎች የታሪክ ሊቃውንት ከ40,000 እስከ 60,000 ይገምቷቸዋል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው አልልም፤ ጦርነትም፥ ረኃብም፥ ቂምም ነበረበት። ነገር ግን መጽሐፉ ለቂመኛው የሕግ ልብስ አለበሰው።

«ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፤ እኛን አይነካንም» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። እኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳያስፈልገን፥ በአፍ ወሬ ብቻ፥ ማረሻ የሚሠራልንን ቀጥቃጭና ምጣድ የምትሠራልንን ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» ስንል ኖረናል። በማረሻው አርሰን፥ በምጣዷ ጋግረን ከበላን በኋላ፥ ልጃችን ሲታመም ዓይናቸው በላው ብለናል። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፥ ስድቡ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ቈየ። ያልተጻፈ ወሬ ይህን ያህል ከጎዳ፥ ተጽፎ የሊቅ ስም የታተመበትማ ምን አያደርግ!

«እንግዲያው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማቃጠል ነው» የሚሉ አሉ። ማቃጠልማ የእነክራመር ሥራ ነው። በ1631 ፍሪድሪክ ስፔ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ስሙን ሳይገልጽ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ጠንቋዮችን የሚያበዛቸው ሥቃዩ ነው፤ ሲያሠቃዩት ያላደረገውን አደረግሁ የማይል ሰው ጥቂት ነው ብሎ ተከራከረ። ክፉ መጽሐፍ የሚረታው እንዲህ ባለው ነው።

አባቶቻችን «ጠርጥር፥ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላሉ። ጥርጣሬህን ከጎረቤትህ ላይ አንሣና በምታነበው ላይ አድርገው። «ይህን ባምን የሚጎዳው ማን ነው? ያ ሰው ስለ ራሱ የሚናገርበት ገጽስ አለን?» ብለህ ጠይቅ። እንዲህ ያለ ገጽ ፈልገህ ካጣህና መጽሐፉም ልብህን ደስ ካሰኘው፥ መብራትህን ሳታጠፋ ማደር የሚገባህ ያን ሌሊት ነው።