በሲኒማ በር ላይ የተሰጠ ቃል

የሲኒማ ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉ አብዛኛው ሰው የሚከራከረው ስለ ተዋናዮቹና ስለ ታሪኩ ፍጻሜ ነው። በበሩ ላይ ተለጥፎ ስለሚታየው ሥዕል፣ ማለት ስለ ፖስተሩ፣ የሚናገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ገንዘቡን ከኪሱ በሚያወጣበት ሰዓት ከፊልሙ ያየው ነገር ቢኖር ይህንኑ ሥዕል ነው። ስለዚህ ፖስተር በአደባባይ የተሰጠ ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቃሉ መጠበቁንና አለመጠበቁን ደግሞ ከአዳራሹ የሚወጣው ሕዝብ ይፈርዳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ያወጣውን «ጆውስ» የተባለውን ፊልም እንመልከት። በፖስተሩ ላይ አንዲት ሴት በባሕር ላይ ስትዋኝ፣ ከበታቿ ደግሞ ጥርሱን ያገጠጠ ታላቅ ሻርክ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። ሥዕሉን የሠራው ሮጀር ካስቴል ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሣለው ለፒተር ቤንችሊ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሽፋን ነበር። የሻርኩ ግዝፈት ከልክ ያለፈ መሆኑን ለጊዜው እንተወው። ፊልሙን ያየ ሰው እንደሚያውቀው አውሬው በሙሉ ገጽታው ብቅ የሚለው ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት በመካኒክ የተሠራው ሻርክ በጨው ውሃ ውስጥ እየተበላሸ በማስቸገሩ ነው። ዲሬክተሩ አውሬውን ደብቆ፣ በውሃው ገጽና በጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ ማስፈራራት ግድ ሆነበት። እዚህ ላይ ፖስተሩ የታሪኩን ግማሽ ሥራ ሠርቷል። ተመልካቹ የአውሬውን መልክ ከበር ላይ አይቶ ስለ ገባ፣ ባዶውን ውሃ ባየ ቁጥር ከሥር ያለውን በራሱ አሳብ ይሞላው ነበር። ያለዚያ ሥዕል ያ ባዶ ውሃ ይህን ያህል ባላስፈራ ነበር እላለሁ።

አልፍሬድ ሂችኮክ ግን በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» የሠራው ሌላ ነው። በፖስተሩ ላይ ከሁሉ ጎልታ የምትታየው ጄነት ሊ ናት። ስለዚህ ሰው ሁሉ የታሪኩ ባለቤት እሷ ናት ብሎ ይገባል፤ እሷ ግን ፊልሙ ገና ግማሹ ሳይደርስ ትገደላለች። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ተመልካች ፊልም ከተጀመረ በኋላ በፈለገበት ሰዓት የመግባት ልማድ ስለ ነበረው፣ ሂችኮክ ከተጀመረ ወዲያ ማንም እንዳይገባ የሚል ማስታወቂያ በየሲኒማው በር አቆመ። ይህ ማታለል ነው ወይ? በበኩሌ አይደለም ባይ ነኝ። ፖስተሩ የሸጠው ድንጋጤን ነው፤ ድንጋጤውንም ሳያጎድል ከፍሏል።

እውነተኛውን ማታለል ለማየት ወደ ገዛ አህጉራችን እንምጣ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በጋና ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ማጫወቻና ጄኔሬተር በመኪና ጭነው ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ ፊልም የሚያሳዩ ነጋዴዎች ነበሩ። የታተመ ፖስተር ስላልነበራቸው ሠዓሊ ይቀጥራሉ። ሠዓሊውም የዱቄት ከረጢት ተርትሮ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቶ፣ በቀለም ይሥልበታል፤ ተጠቅልሎ ለጉዞ ይመቻልና። ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ፊልሙን ጨርሶ አላየውም። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የሌለ ጭራቅ፣ ያልተቆረጠ ራስ፣ ያልፈሰሰ ደም በሥዕሉ ላይ ይበዛል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ዛሬ እነዚያ ከረጢቶች በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ በውድ ዋጋ ይፈለጋሉ፤ እኔም እንደ ሥዕል እወዳቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ለዚያ ጋናዊ ገበሬ አንድ ነገር ተርፎለት ነበር። ሥዕሉ በመንደሩ መካከል ተሰቅሎ ሁሉም አንድ ዐይነት ነገር ስላየ፣ የተታለለው ሁሉ በአንድነት ባለ ቪዲዮውን ሊጠይቀው ይችል ነበር።

በመሥሪያ ቤት ላለው ወጣት አንባቢያችን የፖላንድ ነገር ይጠቅመው ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ አገር የፊልም ፖስተር የሚያዘው የመንግሥት ድርጅት ነበር። ሥርዓቱ በሌላ ብዙ ነገር ነጻነትን የነፈገ ቢሆንም፣ ፖስተር ሠዓሊው የዝነኛ ተዋናይ ፊት እንዲደረድር አልተገደደም። ሄንሪክ ቶማሼቭስኪ በ1948 በቪየና በተደረገ ውድድር አምስት የመጀመሪያ ሽልማቶችን ወሰደ፤ በ1968ም በዋርሶ ከተማ በቪላኑቭ የፖስተር ሙዚየም ተከፈተ። ከነዚያ ሥዕሎች አንዳንዶቹ ስለ ፊልሙ ምንም እንደማይነግሩ ባውቅም፣ በፊርማው የሚያጸድቅ ሹም ሠዓሊውን ካላጣደፈው ምን ሊገኝ እንደሚችል ያሳያሉ።

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1964 ሲጀመር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጣቢያው አንድ ብቻ ስለ ነበር ድራማ ፖስተር አላስፈለገውም፤ ተመልካቹ አስቀድሞ ተቀምጦ ይጠብቃልና። ዛሬ የአማርኛው ፊልምና ድራማ በዩቲዩብ ላይ ተሰልፎ፣ በጣት ጥፍር መጠን በሆነች ሥዕል ይሻማል። ያቺ ትንሽ ሥዕል የሚያለቅስ ፊት ወይም በጥፊ የተመታ ጉንጭ ካላሳየች የሚከፍታት የለም ተብሎ ስለሚታመን፣ አንዳንዴ በታሪኩ ውስጥ የሌለ ነገር ይለጠፍባታል። የጋናው ከረጢት ያለ ቀለሙ ውበት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ከዚህም የባሰው ሌላ ነው። ኔትፍሊክስ የተባለው ኩባንያ ለአንድ ፊልም ለእያንዳንዱ ተመልካች የተለየ ሥዕል እንደሚያቀርብ በ1917 ሳይሆን በዘመናችን፣ በ2017፣ ራሱ ገልጿል። በምሳሌነት ያነሣው በ1997 የወጣውን «ጉድ ዊል ሀንቲንግ» ነው። የፍቅር ታሪክ ለሚያዘወትር ሰው ማት ዴመንና ሚኒ ድራይቨር ይታዩታል፤ ቀልድ ለሚወድ ደግሞ ሮቢን ዊሊያምስ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቁር አሜሪካውያን ተመልካቾች በፊልሙ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚታዩ ጥቁር ተዋናዮች በሥዕሉ ላይ ዋና ሆነው እየቀረቡልን ነው ብለው አቤቱታ አሰሙ። ኩባንያው የተመልካቹን ዘር አንጠይቅም፣ ያየውን ፊልም እንጂ ሌላ አናውቅም ሲል መለሰ። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጎረቤቴ ያየውን ሥዕል እኔ ካላየሁት፣ እኔ የተታለልሁበትንም እሱ ካላየው፣ ማነው ተሰብስቦ የሚጠይቀው?

የአማርኛ ፊልም ሠሪዎች ገና ይህን መሣሪያ በእጃቸው አላስገቡም። እስከዚያው ድረስ የምንለምናቸው ቀላል ነገር ነው፤ ሠዓሊውን ከመክፈላቸው በፊት ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳዩት።