ስሙ ባጃጅ ነው፤ ሞዴሉስ?

ዓርብ ዕለት መንፉሐ ውስጥ ቡና ላይ ስትቀመጪ ይህን ወሬ ሳትሰሚ አትቀሪም፤ ወንድም ደውሏል፣ «ባጃጅ ልግዛና ሥራ ልጀምር» ብሏል። እህቴ፣ አትላኪ አልልሽም። ሳትጠይቂ አትላኪ ነው የምልሽ።

ብዙዎቻችን ባጃጅ ሲባል አንድ ዓይነት ዕቃ ይመስለናል። ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። ባለሦስት እግሯን መሥራት የጀመረው ከጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው፤ ፒያጆ የራሱን እ.ኤ.አ. በ1948 አውጥቶ ነበር። በእኛ አገር ግን ቲቪኤስም ይሁን ሌላ፣ ባለሦስት እግር ሁሉ ባጃጅ ይባላል። ሞተሩም አንድ አይደለም። ቱ ስትሮክ የሚባለው ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፣ ጭሱም ብዙ ነው። ፎር ስትሮክ ዘይቱ ለብቻው ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል። የአንዱ ፒስተን ለሌላው አይሆንም።

ስም ሳይለወጥ ውስጡ እንደሚለወጥ ከሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ሞተር ሳይክል በላይ የሚያሳይ የለም። ቡሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንግሊዝ አገር ተወለደች። በ1955 ሕንድ ማድራስ ውስጥ መገጣጠም ተጀመረ። የእንግሊዙ ፋብሪካ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ሕንዶቹ ግን እስከ ዛሬ ያመርቷታል። የድሮዋ ማርሽ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኗ በግራ ነበር፤ የአሁኗ ተቃራኒ ናት። ለየብቻ የነበሩት ሞተርና የማርሽ ሳጥንም በ2000ዎቹ መጨረሻ በአንድ አካል ተሠሩ። ስሟ ግን ያው ቡሌት ነው። «ቡሌት ገዛሁ» ያለ ሰው የትኛዋን እንደገዛ ገና አልተናገረም።

የወንድምሽም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ባጃጅ በስልክ ፎቶ ያምራል። ስለዚህ ጠይቂው። ሞዴሉ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው? መለዋወጫው እዚያው ከተማ ይገኛል? የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል? ሊብሬውን ፎቶ አንስቶ በኢሞ ይላክልሽ፤ ባጃጁን ሻጩ ያላመጣው መካኒክ ይየው። የከተማውንም ደንብ ያጣራ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳትን ከልክላለች፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባጃጅን አግዳ ነበር። ደንብ ሲለወጥ ዕቃው ግቢ ውስጥ ይቆማል።

ከሁሉም በላይ፣ ሊብሬው በማን ስም ይወጣል? ይህን መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር አይደለም። እሱ የሚነዳበት ሥራ ያገኛል፤ አንቺ ደግሞ ስትመለሺ «የኔ ነው» የምትይው ንብረት ይኖርሻል። ውክልና ሰጥተሽ በስምሽ ማስገዛት ትችያለሽ። የትርፉን ክፍፍልም አሁኑኑ፣ ሽማግሌ ባለበት ተነጋገሩ።

ለወንድምሽ መልካም ከተመኘሽለት፣ ብሩ ከመድረሱ በፊት ጥያቄሽ ይድረሰው።