«ወይ እኔን፣ ወይ ዓሣውን!»

እኛ ጉለሌዎች ያው እንደምታውቁን ነን፤ ጠዋት የእንጦጦ ብርድ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ...

ዛሬ ስለ ፍቅር እናወራለን፤ ስለ ዓሣም እናወራለን። አትሳቁ! የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የመጣልኝ። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት፤ የሰፈሬ ልጅ ናት። ስሟ እኔና እሷ ዘንድ ይቅር። እንዲህ ትላለች፦

«ከጓደኛዬ ጋር ከተዋወቅን ሁለት ዓመት ሆነን። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ሌላ ሴት ቀና ብሎ አያይም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ዓሣ ማጥመድ የሚባል አባዜ ያዘው። እሑድ በመጣ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ መንጠቆውን ይዞ አንዴ ቢሾፍቱ፣ አንዴ ዝዋይ ነው። መዋኘት አይችልም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሸሚዙ ተቀዶ መጣ። ከአካባቢው አስጋሪዎች ጋር ተጣልቶ ነው። ‹ውሃው የእግዜር ነው፣ ማንን ነው ፈቃድ የምጠይቀው?› ይላል። አሁንስ ‹ወይ እኔን ወይ ዓሣውን ምረጥ› ልለው ነው። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ ቆይ እንጂ! ዓሣውን ቢመርጥስ?

ቀልዱን ትተን፣ ይሄ ልጅ የሚናገረውን ነገር እኔም አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ዋጋዬንም አግኝቻለሁ። እሱን ላውራሽና ከዚያ ወደ ምክሩ እንሄዳለን።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። 12ኛን ጨርሰን ሥራ የሌለን ሦስት ጓደኛሞች ከአዲሱ ገበያ ተነስተን ዝዋይ ወረድን። ለምን ያን ያህል ርቀት ብትይ፣ ሰፈራችን ውስጥ ምን ይጠመዳል? ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ እኛ ጋ ሲደርስ ፌስታልና ፍሳሽ ሆኗል። ደግሞ እዚህ አይቀርም፤ በአቃቂ በኩል አዋሽ ገብቶ ኮካ ድረስ ይሄዳል። እኛ ያቆሸሽነውን ውሃ እዚያ ያሉት ያሰግሩበታል ማለት ነው!

እና ዝዋይ ደረስን። መንጠቆ ነበረን፣ ግን ትዕግሥት አልነበረንም። አንድ ልጅ ዓይኑ የጠበበ ቁራጭ መረብ ሸጠልን። በሁለት ሰዓት ውስጥ 19 ዓሣ! አብዛኞቹ ከጣት ትንሽ የሚበልጡ ናቸው። እየጨፈርን ሳለ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ መጡ። አልተሳደቡም። ከመረቡ ላይ አንዷን ቆሮሶ (ፈረንጆቹ ቲላፒያ የሚሏት ናት) አንስተው አፏን ከፈቱት። ከውስጡ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ዓሦች እጃቸው ላይ ፈሰሱ።

«ልጆቿን በአፏ ነው የምታሳድገው» አሉን። «እነሱን ይዛ ሳለች ምግብ አትበላም። መንጠቆ አይዛትም። እንዲህ ያለ መረብ ግን አይምራትም።»

እኔ አፌ አያርፍም፤ «አባባ፣ ውሃው የእግዜር አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ነው እንጂ» አሉኝ። «ግን እናንተ ማታ አዲስ አበባ ትገባላችሁ። እኔ ነገም እዚሁ ነኝ። በዚህ ፌስታል የያዛችሁት የልጄ የከርሞ ደብተር ነው።»

መረቡን ወሰዱ፣ መንጠቆውን መለሱልን። እስከ ዛሬ ድረስ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር እላለሁ።

ስለዚህ ጓደኛሽን ሸሚዙን የቀደዱት ሰዎች ልክ ናቸው አልልም፤ ዱላ ዱላ ነው። ግን እሱ ለመዝናናት የሚሄድበት ውሃ ለእነሱ እንጀራ ነው። ማንም ሰው ጓዳው ውስጥ ሳይጠየቅ የገባን እንግዳ አይወድም።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕግ የለም ካለሽ አትመኚው። በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 315 ነው። ክልሎችም የየራሳቸውን አውጥተዋል። ቢሾፍቱም ዝዋይም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸውና ጥያቄው የሚቀርበው እዚያው ላለው የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ቀን አስቀድሞ ሄዶ «ለመዝናናት በመንጠቆ ማጥመድ እፈልጋለሁ፤ ምን ያስፈልገኛል? የት ይፈቀድልኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከዚያ የአስጋሪዎቹን ማኅበር ማነጋገር። የሚጠመድበት ቦታ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የፓርኩ ፈቃድ ለብቻው ነው።

ፈንጂና መርዝ የትም ቦታ ክልክል ነው። መርዝ ስል ብርብራንም ማለቴ ነው። ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ላይ ሲበትኑት ትልቁም ትንሹም ዓሣ እኩል ይንሳፈፋል። «የአባቶቻችን ዘዴ ነው» እያለ የሚያቆላምጥ ጓደኛ ካለው ከዚያ ጓደኛ ይራቅ።

ይሄ ሁሉ ቁጥጥር ምን ያደርጋል የሚል ካለ ጣናን ይጠይቅ። በ1978 ዓ.ም. ግድም የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሐይቁ ላይ ገባ። ነጭ ዓሣ የሚባሉት በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። መረቡ እዚያው ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። አሥር ዓመት ብቻ!

ሲያትል የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሌላ አጫወተችኝ። እነሱ ጋ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር፣ በሁለት ቅርፊት የተዘጋ የባሕር እንስሳ አለ። ሰዉ በአካፋ እየቆፈረ ለመብል ያወጣዋል። (እኛ ቤት ቢገባ ማዘር ድስቱን ጭምር ነው የምትጥለው!) እሱን ለመቆፈር እንኳ ፈቃድ ይገዛል። በቀን 15 ብቻ፤ ያውም ተለቀ አነሰ ብሎ መምረጥ የለም፣ መጀመሪያ የወጡት 15 የአንተ ናቸው። መርዝ እንደሌለበት ሳይመረመር ቁፋሮው አይፈቀድም። ባሕር ሞልቶ የተረፋቸው ሰዎች ይሄን ያህል ከተጠነቀቁ እኛስ?

እንዴት ያጥምድ?

ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ትንሽዬ እርሳስና ቡሽ ይበቃል። መንጠቆው ላይ ትል ወይም ጠንከር ተደርጎ የተቦካ ሊጥ። ቡሹ ጥልቅ ሲል መጎተት፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይበጥሱ። ለአምባዛ ደግሞ ጠንካራ ክር፣ ቁራጭ ሥጋ ወይም ጉበት፣ ወደ ታች ወደ ጭቃው ማውረድ ነው። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። የጎን ክንፎቹ እሾህ አላቸው፤ ሲይዙት ከጭንቅላቱ ኋላ ነው።

የእኔ ሕግ ይሄ ነው፣ አዋጅ አይደለም፦ ከነጣትሽ ከተዘረጋ እጅሽ ያጠረ ዓሣ ይመለሳል። ሲመለስም በደረቅ እጅ አይያዝም፤ እጅን ማርጠብ ያስፈልጋል። ለቤት የሚበቃ ከተያዘ ክሩ ይጠቀለላል። የቀረው ቀን ወሬና ሻይ ነው። የተያዘው እዚያው ይጸዳና በበረዶ ይምጣ፤ ዓሣ ጸሐይ አይችልም። ጥሬውንም አይብላ፤ የሐይቆቻችን ዓሣ ጥገኛ ትል አያጣውም።

መዋኘት አይችልም ላልሽው

እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ከሸሚዙ በላይ። የቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ዳሩ ደረጃ የለውም፤ ሁለት እርምጃ ወርዶ ሦስተኛው ላይ መሬት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከዳር ቆሞ ያጥምድ። መንጠቆው ቢያዝበት ክሩን ይቁረጠው እንጂ ተከትሎ አይግባ። አንድ መንጠቆ ስንት ነው? አንድ ልጅስ? ብቻውን አይሂድ፤ ጀልባ ላይ ከወጣም ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት እንዳይሆን። ዝዋይ ደግሞ ብልሃርዝያ አለ። በሽታው ውሃው ውስጥ ካሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ ይገባልና እግርን ነክሮ መቆም ይቅር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ወይ እኔን ወይ ዓሣውን» አትበይው። ስድስት ቀን ሲባክን የከረመ ልጅ ሰባተኛው ቀን ላይ ዝም ብሎ ውሃ የሚያይበት ቦታ ካገኘ አትንጠቂው። ከጫት ቤት ውሃ ዳር ይሻላል። ግን ይሄን በይው፦ «ፈቃድ ጠይቅ፤ የተጣላሃቸውን ሰዎች ሄደህ ይቅርታ በላቸው፤ ከዳር አትለፍ። ይሄን ካደረግህ የሚቀጥለው እሑድ እኔም አለሁ።»

እንቢ ካለ... እህቴ፣ ያኔ ችግሩ ዓሣው አይደለም። የማያውቃቸውን ሰዎች እንጀራ ያላከበረ፣ የራሱንም ነፍስ ያልሰሰተላት ሰው፣ ነገ ያንቺን ነገር እንዴት እንደሚይዝ ቁጭ ብለሽ አስቢበት።

እሺ ካለ ደግሞ ሽማግሌው አስጋሪ ጋ ስትደርሱ ሰላም በሉልኝ። ከዚያ በኋላ ስሄድ ሁሌ መጀመሪያ የምጠይቀው እሳቸውን ነው። ባለፈው ጊዜ ልጃቸው 8ኛ ክፍል መድረሱን ነገሩኝ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!