ሀብት ሲገባ ትካዜ ለምን አይወጣም?

ከሆሳዕና ወጥቶ ወደ ጎምቦራ ወይም ወደ ዱራሜ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ቤት ያያል። አንደኛው ከእንሰቱ መካከል የቆመው ባለ ሣር ክዳን የአባቶቻችን ቤት ነው፤ ሁለተኛው ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ፥ በሩ ብረት የሆነ አዲስ ቤት ነው። «ይህ የማን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ልጁ ደቡብ አፍሪካ ነው» የሚል ነው። የባለቤቱ ስም እንኳ አይነገርም።

እኔም የወጣሁት ከእንደዚህ ያለ ቤት ስለሆነ በቅናት ጻፈ አትበሉኝ። ታላቅ ወንድሜ በ2010 ዓ.ም. ትምህርቱን አቋርጦ ሄደ። ለደላላው የተከፈለው ገንዘብ ከሁለት በሬ ሽያጭና ከዘመድ ብድር የተገኘ ነበር። ዕዳው ተከፈለ፤ ቤቱም ተሠራ። ጎረቤት ሁሉ እናቴን «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። እርስዋ ግን በአዲሱ ቤት አንድ ሌሊት እንኳ አላደረችም፤ ከላሟ ጋር በአሮጌው ቤት ትተኛለች። እህል አይበላላትም፤ ሌሊት ትነቃለች፤ ለመስቀል አተካና ስትሠራ ታለቅሳለች። ሰው ግን «ምን ጎደላት?» ይላል።

እኔ እንደሚመስለኝ ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። ትካዜን የድኻ ብቻ አድርገን ቆጥረነዋል። ድኽነትና ዕዳ ትካዜን እንደሚያባብሱ አልክድም፤ ባዶ ሌማት ማንንም አያስቅም። ነገር ግን የጤና ባለሙያዎች ድባቴ የሚሉት ሕመም፥ ይኸውም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ኀዘን፥ እንቅልፍ ማጣት፥ የምግብና የሥራ ፍላጎት መጥፋት፥ ባለጸጋውንም የሚይዝና ሕክምናም ያለው ነው። ወባ የያዘውን ወደ ጤና ጣቢያ እንወስዳለን፤ የተከዘውን ግን ሀብቱን እየቆጠርን ዝም እናሰኘዋለን። ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ለተከዘ ሰውስ አንድ ምሽት ቡና ቢያስፈላ ምን ነበረበት?

የመንገዱ አደጋ የታወቀ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር 64 ኢትዮጵያውያን በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ያን ዕለት በመንደራችን ልጅ የላከ ሁሉ ስልኩን ይዞ ዋለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ደላላው ሥራውን ቀጠለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጓደኞቼ «ወድቀን ከምናፍር እንሂድ» ቢሉ ሞኞች ናቸው አልላቸውም።

ወንድሜ ሲደውል የቤታችን ጥያቄ አንድ ነው፤ «መቼ ትልካለህ?»። ባለፈው ጥር ስልኩን ተቀብዬ «አንተ ራስህስ እንዴት ነህ?» ብለው ብዙ ዝም አለ። ኋላም የብረት ፍርግርግ ባለው ሱቅ ውስጥ እንደሚያድር፥ ከመሸ ወደ ውጭ እንደማይወጣ ነገረኝ። ከዚያ ስለ ላሟ ጠየቀኝ።

አሁን አባቴ እኔም እንድከተለው ይፈልጋሉ፤ ጎረቤቶቻችን ሁለት ሁለት ልጅ ልከው እኛ አንድ ብቻ መላካችን ያሳፍራቸዋል። እኔ እምቢ ብያለሁ። አባትን እምቢ ማለት በኛ አገር ቀላል ነገር ስላልሆነ ሦስት ሽማግሌዎች ልኬባቸዋለሁ፤ እናቴን ወደ ሐኪም እንድወስዳትም ፈቃድ እንዲጠይቁልኝ ጨምሬ ለምኛለሁ። አባቴ ስለ ፊተኛው ጉዳይ እስከ ፋሲካ እንደሚያስቡበት ተናግረው ሁለተኛውን ፈቅደዋል። ይህን የምጽፈው ሰኞ ማታ ነው፤ ነገ ከእናቴ ጋር ስለምሄድ ከክፍል እቀራለሁ።