የአርባ ቀን ኪዳን

ኪዳን የሁለት ወገን ነገር ነው፤ ሰጪ አለው፤ ተቀባይም አለው። ሰጪው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ክርስቲያን ነኝ የሚል ሁሉ ያምናል። ክርክሩ ስለ ተቀባዩ ነው፤ ይኸውም አፉን ያልፈታ ሕፃን በኪዳኑ ውስጥ ይቈጠራልን ወይስ አይቈጠርም የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ቀድሞ የሩቅ አገር ነገር ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለትምህርትም ለእንጀራም ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ባሕር ማዶም የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሕፃናትን ጥምቀት የማይቀበል ትምህርት ሰምቶ ቢመለስ፤ ወንድ ልጁ አርባ ቀን፣ ሴት ልጁም ሰማንያ ቀን በሞላት ጊዜ «አድጎ ራሱ ይምረጥ» ቢል፤ እናቱ ታለቅሳለች፣ ቄሱም ይቈጣል። ዳሩ ግን ልቅሶና ቍጣ መልስ አይሆኑም። ለመመለስ አስቀድሞ የተባለውን አጣርቶ ማወቅ ይገባል።

ይህን ትምህርት አጽንተው ከያዙት ወገኖች ዋነኞቹ ባፕቲስቶች ናቸው። ጅማሬያቸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1609 ዓመት በአምስተርዳም በስደት በነበሩ እንግሊዛውያን ዘንድ ነው። በ1644 ሰባት የለንደን ማኅበሮች የእምነት ቃላቸውን አሳተሙ፤ በ1677 የተጻፈውንም ሰፊ የእምነት ቃል በ1689 በለንደን ተሰብስበው አጸደቁት። በኢትዮጵያም ከአሜሪካ የመጡ ባፕቲስቶች በ1960ዎቹ በመንዝ ሠርተዋል። የቃለ ሕይወት ማኅበርም በስም ባፕቲስት ባይባልም ሕፃናትን አያጠምቅም። መካነ ኢየሱስ የሚባለው የሉተራውያን ማኅበር ግን፣ ስሙ ከእስቴ ከተማ ስም ጋር የተገጣጠመው፣ ሕፃናትን ያጠምቃል። እንግዲህ ክርክሩ በእነርሱም መካከል ያለ ነው።

ስለ ኪዳን ባፕቲስቶች ራሳቸው አንድ ቃል የላቸውም። ልዩነታቸው ቅኔ ለተማረ ሰው በሰምና በወርቅ ሊገለጥ ይችላል። በ1646 በዌስትሚንስተር የተሰበሰቡት የእንግሊዝ ካህናት፣ እነርሱ ሕፃናትን የሚያጠምቁ ናቸው፤ የጸጋ ኪዳን አንድ ነው፤ በኦሪትና በወንጌል አሠራሩ ብቻ ተለየ አሉ። ወርቁ አንድ፣ ሰሙ ሁለት ማለት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ከባፕቲስቶች አንዳንዶቹ ይህን ተቀብለው ሳለ የሕፃኑን ጥምቀት ብቻ አስቀሩ። ነሐምያ ኮክስ የተባለው ባፕቲስት ግን በ1681 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ መንገድ ሄደ። ለአብርሃም በግዝረት የተሰጠው ኪዳን ለምድራዊ ርስት ነው፤ የጸጋው ኪዳን በዚያ ዘመን በተስፋ ብቻ ነበረ፤ ኪዳን ሆኖ የጸናው በክርስቶስ ደም ነው አለ። ለእርሱ ኦሪት ሰም ብቻ ነው። በኋላ ዘመን የተነሡት ደግሞ ሕገ ሙሴ ዐሠርቱ ቃላት ሳይቀሩ በክርስቶስ ሕግ ተፈጽሞ አልፏል ይላሉ። ስኮፊልድ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ የሚመሩትም እስራኤልንና ቤተ ክርስቲያንን ሁለት ሕዝብ ያደርጓቸዋል። የ1689ን የእምነት ቃል ይዘው የእሑድን ሰንበትነት የሚጠብቁት ሁለቱንም ይቃወማሉ።

አራት መንገድ ተለያይተው ወደ አንድ በር መግባታቸው ያስደንቃል። ስለ አብርሃም፣ ስለ ሙሴ፣ ስለ እስራኤል የማይስማሙ ሰዎች ሕፃኑን ከደጅ በማቆየት ብቻ ይስማማሉ። ይህ የሚያሳየው የሕፃኑ ነገር ከኪዳን ትምህርት የተገኘ ፍሬ አለመሆኑን ነው፤ ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቶ ምክንያት በኋላ ተፈለገለት።

ከሁሉ የሚበረታው የኮክስ ነገር ነው፤ እርሱን መናቅ አይገባም። ሆኖም አንጥረኛ እንዴት እንደሚሠራ ይታሰብ። ሰሙን ቀርጾ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም በሰሙ ስፍራ ይፈሳል። ሰሙ ያልፋል፤ ወርቁ ግን የሰሙን መልክ ይዞ ይወጣል። ሰሙ የስምንት ቀን ሕፃን የሚይዝ ከነበረ ወርቁ ስለ ምን ይጠባል? ቅዱስ ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ግዝረትንና ጥምቀትን አያይዞ ተናግሯል። ለቆሮንቶስ ሰዎችም አባቶች ሁሉ በደመናና በባሕር እንደ ተጠመቁ ጽፏል፤ ባሕሩንም ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ተሻግረዋል።

ኤርምያስ አዲሱን ኪዳን ሲናገር ሁሉ ያውቁኛል ብሏልና የማያውቅ ሕፃን አይገባም ይላሉ። ነቢዩ ግን ከታናሽ እስከ ታላቅ ብሎ ታናሹን አስቀድሟል። የኖኅ ኪዳን ከልጆቹ ጋር ነው፤ የአብርሃም ከዘሩ ጋር ነው፤ የዳዊትም ከልጁ ጋር ነው። ከልጅ የተለየ ኪዳን አልተገኘም። ቅዱስ ጴጥሮስም በበዓለ ሃምሳ ተስፋው ለእናንተና ለልጆቻችሁ ነው ብሎ ሰብኳል።

ግዝረትን ከጥምቀት ጋር ትይዛላችሁ፣ አይሁድ ናችሁ የሚል ነቀፋ ቢመጣም መልሱ አሮጌ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት ቃል ግዝረት የአገር ልማድ እንጂ እንደ ኦሪት ሕግ የሚጠበቅ አለመሆኑን አስረድተዋል። ማኅተሙ ጥምቀት ነው።

እስከዚህ ያለው ክርክር ለቤተ ክርስቲያን ይፈርድላታል። ነገር ግን ከባፕቲስቱ መጽሐፍ ሁሉ የሚከብድ አንድ ማስረጃ አለ፤ እርሱንም የሚሰጡት ካህናት ናቸው። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ሲሞትም በአርባ ቀኑ ተዝካሩ ይወጣል። በሁለቱ አርባዎች መካከል በስንት ደብር ነው ልጁ ተጠርቶ የተጠመቀበትን ሃይማኖት የሚማረው? የክርስትና አባት ስለ ልጁ ሰይጣንን ክዶ ሃይማኖትን መስክሯል፤ የገባውን ቃል ከዚያ ወዲያ ማን ጠይቆታል? የንስሓ አባት በየበዓሉ ጠበል ይረጫል፤ ጸሎተ ሃይማኖትን ለልጁ ያስጠናው ግን ስንቱ ነው?

ይህ በጋይንት የበለጠ ያሳፍራል፤ አገሩ የሊቃውንት አገር ነውና። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም በዚያ ነው፤ የዝማሬና የመዋሥዕቱ ዙር አባም በዚያ ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ሲለምን፣ ድርቅ ያልተለየው ገበሬ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ቍራሽ ይሰጠዋል። ይህም ኪዳን ነው፤ ባለጎጆው ፈጸመ። ተማሪው መሪጌታ ሆኖ፣ ተሹሞ፣ ወደ ከተማ ወጥቶ ለዚያ ገበሬ ልጅ ምን መለሰ?

ስለዚህ የንፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ አድባራት ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። የተጠመቁትን ሕፃናት በመዝገብ ይያዙ፤ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ከክርስትና አባታቸውና ከክርስትና እናታቸው ጋር ይጥሯቸው፤ የቍራሹን እንጀራ የበላ ተማሪም በየሰንበቱ አንድ ሰዓት ያስተምራቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት ባለበት ይህ ቀላል ነው፤ በሌለበትም ከዛፍ ጥላ በቀር ወጪ የለውም።

ይህ ከሆነ፣ ከከተማ የተመለሰው ወጣት «ልጁ ሳያውቅ ተጠመቀ» ሲል ሽማግሌዎቹ የሰባት ዓመቱን ልጅ ጠርተው ጸሎተ ሃይማኖትን እንዲደግም ያደርጉታል። ይህ ካልሆነ ግን ቄሱ በኪዳን ክርክር ቢረታም ልጁን ያጣል።