«ጨርቁን ሳይጥል» ስለ ባህልና ስለ አእምሮ ሕመም ለሚጽፍ ተማሪ

በናይሮቢ መሃል ከተማ፥ በሞይ ጎዳና ላይ፥ ቀድሞ የባንክ ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በደጁ የማታቱ ጥሩንባና የነጋዴ ጩኸት ከማለዳ እስከ ማታ አይቋረጥም፤ በውስጡ ግን ያለፈው ዘመን ወረቀት በጸጥታ ተቀምጧል። ስለ ባህልና ስለ አእምሮ ሕመም የጥናት ጽሑፍ እንዲያቀርብ የታዘዘ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በእግሩ ወርዶ ሥራውን ከዚህ ቤት ቢጀምር መልካም ነው እንላለን። ለምን ቢሉ፥ «ባህል» የሚለው ቃል በዚሁ ከተማ አንድ ጊዜ ከባድ ጥፋት አድርሷልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ በቲካ መንገድ በኩል ማታሪ የሚባል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አለ። በ1910 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲከፈት የናይሮቢ የዕብዶች ማቆያ ይባል ነበር። በ1938 ዶክተር ካሮተርስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ኃላፊ ሆነው ተሾሙበት። ሐኪም ነበሩ፤ ነገር ግን በተሾሙበት ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ልዩ ትምህርት አልነበራቸውም። በ1947 ባወጡት ጥናት ወደ ማታሪ የገቡትን አፍሪካውያን ሕሙማን ቆጥረው፥ ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት የሐዘንና የተስፋ መቁረጥ ሕመም በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም አይገኝም አሉ። በ1953 የዓለም የጤና ድርጅት ባሳተመላቸው መጽሐፍ ደግሞ ይህን ከባህልና ከአስተዳደግ ጋር አያይዘው፥ አፍሪካዊውን የአንጎሉ የፊት ክፍል በቀዶ ሕክምና ከተነካበት አውሮፓዊ ጋር እስከ ማመሳሰል ደረሱ። በ1954ም የቅኝ ገዢው መንግሥት ስለ ማው ማው እንዲጽፉ ጠየቃቸው፤ የመሬትና የነፃነት ጥያቄ የነበረውም ትግል በብዕራቸው ሥር የአእምሮ መናወጥ መስሎ ወጣ።

ተማሪው እዚህ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ይጠይቅ። ወደ ማታሪ ይላኩ የነበሩት እነማን ናቸው? ከሁሉ አስቀድሞ ሁከት ያነሡ፥ ፖሊስ የያዛቸውና ዳኛ የላካቸው ሰዎች ናቸው። በጎጆዋ ጥግ ተኮራምታ እህል እምቢ ያለችውን፥ ልጇ ሲያለቅስ የማትሰማውን እናት ማንም ወደ ናይሮቢ አላመጣትም። ስላልመጣች በመዝገብ አልተጻፈችም፤ በመዝገብ ስላልተጻፈችም የለችም ተባለ። በኋላ ግን ሐኪሞች ራሳቸው ወደ ገጠር ወጥተው በጠየቁ ጊዜ ተገኘች። በ1979 በታተመ ጥናት በኡጋንዳ መንደሮች ድባቴ ከለንደን ሠፈር ይልቅ በዝቶ መገኘቱ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ኬንያዊው ሐኪም ዴቪድ ንዴቴይ ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ፥ በገጠር ክሊኒክ ስለ ሌላ ሕመም ከሚመጡት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አሳዩ።

እንግዲህ ባህል በዚህ ነገር ምንም ድርሻ የለውም ማለታችን ነውን? አይደለም። ድርሻው ግን ካሮተርስ በፈለጉበት ቦታ አይደለም። ባህል ብዙ ጊዜ የሚወስነው ማን እንደ ታማሚ እንደሚታይና ወዴት እንደሚወሰድ ነው።

አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንት አንባቢዎቻችን የሚከተለውን ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። በአማርኛ ሰው አበደ ሲባል «ጨርቁን ጣለ» ይባላል፤ ልብሱን አውልቆ በአደባባይ ሮጠ እንደ ማለት ነው። ጨርቁን ያልጣለ ሰው ታማሚ መሆኑን ማን ያምናል? በ1999 የታተመ የቡታጅራ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ የአገሩ ሰዎች የከባድ አእምሮ ሕመም ምልክት አድርገው የሚያዩት ብዙ መለፍለፍን፥ ጠበኛነትንና እንግዳ ጠባይን ነው። ዝም ያለው ሰው ግን ሌላ ቃል አለው። «ሐሳብ ላይ ወድቄአለሁ» ይላል፤ «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ ወይም «ራሴን ያመኛል» ብሎ ብቻ ይቀመጣል። ባለጉዳይ ቢሮአችሁ ገብቶ «ሐሳብ በዛብኝ» ቢላችሁ፥ ብዙ ዕቅድ አለኝ ማለቱ አይደለም! በስዋሂሊም «ኩፊኪሪ ሳና» ማለት እጅግ ማሰብ ነውና ሁለቱ አነጋገሮች እንደ ወንድማማች ናቸው።

መንፈስ ለከፈው፥ ዛር ሰፈረበት፥ ቡዳ በላው የሚባለውንም ተማሪው ሳይስቅ ይጻፈው። ቤተሰብ ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም ቢሄድ ድንቁርና ብቻ አይደለም፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፥ ጥቂትም ነው። በአገራችን በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተጀመረው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቻውን ነበር። በናይጄሪያ ዶክተር ላምቦ ከ1954 ጀምረው በአሮ ያደረጉት ነገር ለእኛ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሕሙማኑን ከዘመዶቻቸው ጋር በሆስፒታሉ አጠገብ ባሉ መንደሮች አኖሩ፥ የባህል ሐኪሞችንም አብረዋቸው አሠሩ። በሰንሰለት ማሰርና መግረፍ ግን በባህል ስም ሊከበር አይገባም፤ ይህን ተማሪው በግልጽ ይጻፍ።

ሕግም ዝምተኛውን ሲጎዳ ኖሯል። በኬንያ ራሱን ለመግደል ሞክሮ የተረፈ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችል ነበር። ስለዚህ ቤተሰብ ነገሩን ይሸሽግ፥ ታማሚውም ሐኪም ይፈራ ነበር ቢባል የሚያስደንቅ አይሆንም። በጥር 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ፈረደ።

ተማሪው ከቤተ መዛግብቱ ወጥቶ ወደ ሰዎች ሲሄድ፥ አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲውን ፈቃድ ይያዝ፤ የታማሚውንም ስም አይጻፍ። ከዚያም ዘመዶቹን በሚችሉት ቋንቋ ቀስ ብሎ ይጠይቃቸው፤ መለወጡን በመጀመሪያ ያየው ማን ነው? ያን ጊዜ ምን ብላችሁ ጠራችሁት? ወዴት ወሰዳችሁት፥ በስንት ወሩ? መልሱንም እነርሱ በተናገሩበት ቃል ይጻፈው፤ የሐኪሙን ቃል ከጎኑ ያኑር እንጂ በላዩ አይጻፍበት።