ከሁለቱ ዲናር በላይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስንማር ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው የቆሰለውን ሰው ቁስል ማሰሩን ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 10 የጻፈው ግን በዚያ አያበቃም። ሳምራዊው ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣው ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍለውም ቃል ገባለት። ቁስለኛው ነገ ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ አልወሰነለትም።

ይህ ትምህርት በቤቷ በባሏ እጅ ለምትደበደብ እኅታችንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሀገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከእነዚህ መካከል ነጠላቸውን አጣፍተው ከእኛ ጋር የሚያስቀድሱ እንዳሉ አንጠራጠር።

«ታዲያ ለምን አትወጣም?» እንላለን። አንዷን የያዛት የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ሌላዋን ወደ ወላጆቿ የሚያደርሳት መሳፈሪያ፤ ሌላዋን የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ፤ ሌላዋን የበር ቁልፍ መቀየሪያ። ለሁሉም እኩል ዱቄት ብናድል የአንዳቸውንም እንቅፋት አላነሣንም።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ዳሽ የተባለ ድርጅት ይህን ተረድቶ፣ ተጎጂዋን ቤት አልባ ከመሆን የሚያድናትን ወጪ እንደየችግሯ ይሸፍናል። በጥቂት ተረጂዎች ላይ በተደረገ ክትትል ከስድስት ወር በኋላ 94 በመቶዎቹ መጠለያ አላጡም ነበር። ቁጥሩ ከጥቂቶች የተገኘ ቢሆንም መንገዱን ያሳያል።

በየአጥቢያችን የበጎ አድራጎት ክፍል አለ። በበዓል ቀን ዘይትና ልብስ ማደሉ መልካም ነው፤ በሌሊት ልጇን አዝላ ለወጣች እናት ግን በዓሉ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ከምጽዋቱ ጥቂቱን ለዚህ ብቻ ይለይ። ውሳኔው በአንድ ቀን ይሰጥ። ከሁለት ታማኝ ሰዎች በቀር ስሟን ማንም አይወቅ፤ ከሁለቱም አንዷ ሴት ትሁን። በዐውደ ምሕረት አይነገር፤ ፎቶ አይነሣ። የሚያስፈልጋትን ራሷ ትንገረን። ርዳታውም «መጀመሪያ ታረቂ» በሚል ቅድመ ሁኔታ አይታሰር።

«ይህ ትዳር ማፍረስ አይሆንምን?» የሚሉ ይኖራሉ። ተክሊል ምሥጢር መሆኑን እናምናለን፤ ዱላ በውስጡ ቦታ የሌለውም ስለዚህ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የመጀመሪያውን የቆሮንቶስ መልእክት በተረጐመበት 26ኛ ድርሳኑ፣ ሚስትን መምታት ለባል ታላቅ ነውር እንደ ሆነ አጥብቆ አስተምሯል። ባል ንስሐ ቢገባ የንስሐ አባቱ ይመራዋል፤ ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እስከዚያ እርሷና ልጆቿ የሚያድሩበት ያስፈልጋቸዋል።

«ገንዘቡን ብታባክነውስ?» ለሚሉም፣ ሳምራዊው የማደሪያውን ጠባቂ አምኖታል። እኛም ከሞት አፋፍ ልጆቿን ይዛ የወጣችን እናት ብናምናት ይገባናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።